ጉልበት

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ መቶ ሰባት፣ ምድር ቤት፤
ሱቅ ይሆናል ተብሎ ሱቅ ያልሆነ ቤት።
ግድግዳው ልስን አልነካውም፣ በሩ ላሜራ፣
(ለሳኝ ነኝ፤ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው፣ ሥራ ነዋ፣ ሥራ!)
መሬቱ ላይ አሮጌ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ ሸራ፣
ሸራው ላይ እኔ፣ በጀርባዬ፤
እኔ ላይ ቡልቻ።

ቡልቻ ድንጋይ ጫኝ ነው፤ ካባ ሲጭን ይውላል፣
ሲመሽ ደግሞ መጥቶ እኔ ላይ ይጫናል።
ክንዱ ከአንገቴ ሥር፣ ደረቱ ደረቴ ላይ፣
ጆሮው ጆሮዬ ላይ፤
እናቴም እንዲህ አጥብቃ አላቀፈችኝ።

ጋሽ ደምመላሽ ይቆጥራል፤
ድሮ ጁዶ ተጫዋች፣ አሁን የሌሊት ጥበቃ።
ሃያ ከሞላ በቃ።
«ሰባት… ስምንት…»
በክንዴ እገፋለሁ። ግድግዳ ይገፋል?
ቡልቻ ሲገፉት ይሰፋል፤
ውኃ እንደነካው ጀሶ
ባገኘው ስንጥቅ ይገባል፣ እዚያው ይደርቃል።

«ጉልበትህን ተጠቀም!» ይላል ጋሽ ደምመላሽ።
ስድስት ወር ሙሉ ይችን ቃል ሰማሁ፤
ስድስት ወር ሙሉ ጥርሴን ነክሼ
ያለኝን ጉልበት ሁሉ አወጣሁ፤
የምሳዬን ሽሮ፣ ያልበላሁትን እራት ሳይቀር
አወጣሁ።
ሃያ ግን ሞላ፤ ሁልጊዜ ይሞላል።

«አሥራ አንድ…»
መብራት ሄደ።
ብሎኩ በሙሉ «ወይኔ!» አለ፤ ጩኸቱ ከፎቅ ፎቅ ወረደ።
አንዲት ሴት ሦስተኛው ላይ ሻማ የት እንዳለ ጠየቀች፣
መልስ የሰጣት የለም፤ እንደገና ጠየቀች።
ጋሽ ደምመላሽ ቆጠራውን አላቆመም፣
ጨለማውም ከቡልቻ ኪሎ አልቀነሰም።

ግን የሚያይህ ሰው ከሌለ
መንፈራገጥ ለማን ነው? ክንዴ ዝም አለ።
አልጋው ላይ እንቅልፍ እንደሚፈልግ ሰው
በጎኔ ዞር አልኩ፤ ዳሌዬን ወደ ኋላ ሳብኩት፣ ስንዝር ቢሆን ነው።
መካከላችን መዳፍ የምታህል ክፍተት፤
መጀመሪያ ብርድ ገባባት፣
ከዚያ ጉልበቴ።

ጉልበቴ!
ይሄ መሰላል ስወጣ ሎሚው የሚንቋቋው፣
ሱሪዬን ሁሌ ቀድሞ የሚቀደው!
ሰውየው ስድስት ወር ሙሉ እግሬን ነበር የሚለው።

ሳቄ መጣ። የተጫኑት ሰው ሳቅ ግን
አፍ ድረስ አይደርስም፤ ስቅታ ሆነ።
«ምን ሆንክ?» አለ ቡልቻ። ሲጠይቅ ላላ።
በላላበት ቅልጥሜ እንደ መቀርቀሪያ ሆዱ ላይ ተጋደመ፣
እሱን አልገፋሁትም፤ እሱ ባለበት ቆመ፣
እኔ ነኝ ከሥሩ የሄድኩት፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ ተራ በተራ፣
ዕቃ ከጠባብ ክፍል እንደሚያወጣ ተከራይ።
«አሥራ ስምንት» ሲባል ተቀምጫለሁ።

«አሥራ ዘጠኝ… ሃያ!»
«መጣ!» አለ ሕንፃው፤ ተጨበጨበ፣ ተፏጨ፣
ለእኔ መሰለኝ።
አምፖሉ ሥር ሁለታችን ፊት ለፊት ቁጭ ብለናል፣
እንደ ገበጣ ተጫዋች።
«ሞልቷል» አለ ጋሽ ደምመላሽ፤ «ቡልቻ አሸንፏል።»
«ኧረ ወጥቻለሁ!»
«እኔ አላየሁም።»
«ቡልቻ፣ ንገረዋ!»
ቡልቻ ግንባሩን በማልያው ጠረገ፣
አምፖሉን አየ፣ እኔን አየ፤
«ጨለማ ነበር» አለ።

እንደገና ተጋደምኩ። ሸራው ቀዝቅዟል፤
ላቤ የነበረበት ቦታ ይበልጥ ቀዝቅዟል።
ቡልቻ መጣ። ደረቱን ከማሳረፉ በፊት
በሁለት ጣቱ ጉልበቴን መታ መታ አደረገ፣
የሰው በር እንደሚያንኳኳ፤
ከዚያ ተጫነኝ፣ ከወትሮው አብልጦ።

«አንድ…»